እንዲጠየቁ ወይስ እንዲጠይቁ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ብቸና ላይ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል፣ ልጆች ፊት ቆሜ እናገር ነበር ለማለት ነው እንጂ መምህርነት የሚባል ነገር አልተማርኩም። ደብረ ማርቆስ ሄጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፤ የማትሪክ ውጤቴ እንግሊዝኛ ላይ ተሰናከለና ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ጎድሎት ነበርና ቀጠረኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ "ጊዜያዊ መምህር" ይላል። ሰው ሁሉ በዚህ ዓለም ጊዜያዊ ነው እያልኩ እጽናና ነበር፤ በማኅተም የተረጋገጠለት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጥር ላይ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። የሐረር ልጅ ነው፤ ቢበልጠኝ ስድስት ሰባት ዓመት ነው። መንግሥት በምን ጥፋቱ ብቸና እንደመደበው ራሱም አያውቅም።

"መስከረም ላይ የሠለጠነ መምህር ይላክልናል" አለኝ። "እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ክፍሉ ያንተ ነው። ከዚያ በኋላ..."

"ከዚያ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላማ አቦ፣ ወይ ኮሌጅ ትገባለህ፣ ወይ ታርሳለህ።"

ማረስ አልችልም። የአባቴ ቤት የቄስ ቤት ስለሆነ በሬ የሚባል ነገር በሩቅ ነው የማውቀው፤ በሬውም እኔን እንደዚያው። ስለዚህ ለመምህራን ኮሌጅ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሁለት ወር ተኩል መልስ የለም። ፖስታ በመጣ ቁጥር የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ድንገት እንዳለፈ ሰው እየመሰልኩ አልፋለሁ። ጸሐፊው ገና ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ይጀምራል። ተስፋዬ ያኔውኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። የቀረችውን ደግሞ ደብዳቤው መጥቶ ጨረሳት።

ደብዳቤው ከፋሲካ በኋላ መጣ። አምስት መስመር ናት። ኮሌጁ ድረስ ኑ ቢሉን ማንም እንደማይደርስ ገብቷቸው ነው መሰል፣ ኮሌጁ ራሱ በአንድ ሰው ተመስሎ ሞጣ ሊመጣ ነው። ግንቦት ሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጧት፣ ሞጣ ትምህርት ቤት፣ "ስለ ኮሌጁ የመምህርነት ትምህርት ቀርበው"፣ ቀጥሎ ያለችው ቃል ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በታይፕ ነው የተጻፈው። ያን ጊዜ የአማርኛ ታይፕ ፊደሉን ይመታና "የ"ን "ይ" የምታደርገውን ዓይነት ቅጥያ ለብቻዋ ያስከትላል። የሪባኑ ቀለም አልቆ ይሆናል፣ ቅጥያዋ ትኑር አትኑር አይለይም። "እንዲጠየቁ" ይሁን "እንዲጠይቁ" ማንም እርግጠኛ ሊሆን አልቻለም። "የ" ከሆነች እነሱ ይፈትኑኛል። "ይ" ከሆነች እኔ ነኝ የምጠይቃቸው።

ዳይሬክተሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየና ሳቀ።

"አቦ ምን ያጠራጥራል? ኮሌጅ ተማሪን ይጠይቃል። ተማሪ ኮሌጅን ሲጠይቅ የት አይተሃል? እንዲጠየቁ ነው። ፈተና ነው። ኢንተርቪው ማለት ይሄ ነው።"

እውነት መሰለኝ። እኔ ራሴ ክፍሌ ውስጥ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ይመልሳሉ፣ ካልመለሱ ይንበረከካሉ።

ደብዳቤውን ይዤ ቤት ስገባ አባቴ ደጅ ቁጭ ብለዋል። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አደረጉት፤ ራቅ አደረጉት፤ ቀረብ አደረጉት። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ይ ናት" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ?"

"ና ዳስሳት። ቀለሙ ነው እንጂ የከዳት፣ ብረቱ ረግጧታል። ሂድና ጠይቀን ነው የሚሉህ።"

"ምን ብዬ ነው የምጠይቃቸው?"

"የማታውቀውን።"

"የማላውቀውማ ብዙ ነው፣ አባየ።"

"እንግዲያውማ ማክሰኞ አይበቃህም" ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

እናቴ ከውስጥ ሆና የሰማቻት "ጠይቀን" የምትለዋን ብቻ ነው። እጇን እየጠረገች ወጣች።

"እኔን! ምን አገኛቸው?"

"ማንን፣ እማየ?"

"የኮሌጁን ሰውየ ነዋ! ሰው ጠይቁኝ የሚለው ምን ቢሆን ነው? ሕመም ነው ሐዘን?"

"የትምህርት ጉዳይ ነው እኮ። ማንም አልታመመም።"

"አይነግሩህም። በደብዳቤ አይነገርም ይሄ። ሐዘን ከሆነ እንጀራ በወጥ ነው፣ ሕመም ከሆነ ዳቦ ነው።"

"ሁለቱም አይደለም አልኩሽ!"

"እንግዲያ ዳቦውን ያዝ። ዳቦ ለሁሉም ይሆናል።"

እንግዲህ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት አነበባት። አንዱ ተፈተን አለኝ፣ አንዱ ጠይቅ አለኝ፣ አንዷ የታመመ ሰው አይተህ ና አለችኝ። እኔ የዳይሬክተሩን ያዝኩ። ምክንያቱን ዛሬ ስናገረው ያሳፍረኛል። አባቴ ነጠላና ጥምጥም ነበራቸው፤ ዳይሬክተሩ ክራባት ነበረው። ለዘመናዊ ጉዳይ ክራባት ያለውን ማመን ይሻላል ብዬ ነው።

"አባቴ ግን ይ ናት ይላሉ" አልኩት በማግስቱ፣ ለነገሩ ያህል።

"አባትህ ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ ሁሉ ነገር ውስጥ ሌላ ነገር ይታያቸዋል። ይሄ ግን ቢሮ ነው አቦ። ቢሮ ቅኔ አይዘርፍም።"

ዝግጅቱ ተጀመረ። ዳይሬክተሩ ሠላሳ ጥያቄ ከነመልሱ ደብተር ላይ ጻፈልኝ። ለምን መምህርነትን መረጥክ? ጥሩ መምህር ማለት ምን ዓይነት ነው? የሚያስቸግር ተማሪ ቢገጥምህ ምን ታደርጋለህ? መልሶቹ ያማሩ ናቸው፤ እኔን የሚመስል ሰው ግን ውስጣቸው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያበቃ ቢሮው እገባለሁ። እሱ ጠረጴዛው ኋላ ይቀመጣል።

"ዛሬ እኔ ኮሌጅ ነኝ" ይላል። "ግባ። አንኳኳ እንጂ! ኮሌጅ ሳይንኳኳ ይገባል እንዴ?"

ወጥቼ አንኳኩቼ እገባለሁ።

"ለምን መምህርነትን መረጥክ?"

መልሱን እጀምራለሁ። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለብኝ። ልጅ ሆኜ ዳዊት የደገምኩት አባቴ እግር ሥር ነው፤ በቃሌ የያዝኩትን ነገር ሳልወዛወዝ ማውጣት አልችልም። ገና "መምህርነት የዕውቀት ብርሃን" ስል ወገቤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይሄዳል።

"አትወዛወዝ!"

"ካልተወዛወዝኩ አይመጣልኝም።"

"የወንበሩን እግር ያዝ።"

ያዝኩ። ወንበሩ አብሮኝ ተወዛወዘ። ዳይሬክተሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ቀስ በቀስ ሰውነቴን ማቆም ቻልኩ። አንገቴን ግን እስከ መጨረሻው ማንም ሊያቆመው አልቻለም።

በመጨረሻው ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምክር ጨመረልኝ።

"አንድ ነገር። ጊዜያዊ ነኝ የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ።"

"ለምን?"

"ማን ጊዜያዊ ሰው ይፈልጋል? ዓይተውህ ገና ሳይጀምሩ ይጨርሳሉ።"

"ቢጠይቁኝስ?"

"'በማስተማር ሥራ ላይ ነኝ' በል። ውሸት ነው?"

"አይደለም።"

"በቃ።"

የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ደግ የወሎ ሰው፣ ኮቱን አዋሰኝ። ኮቱ ልክ ነው፤ አዮዲን አዮዲን ይሸታል እንጂ። እናቴ ድፎውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ። "እማየ፣ ፈተና ላይ ዳቦ ይዤ ልግባ?" ብላት፣ "ባዶ እጅህን የሰው ደጅ ልትረግጥ ነው?" ብላ ተቆጣች። ከእናቴ ጋር ተከራክሬ ያሸነፍኩበት ቀን ስለሌለ ታቀፍኩ። አባቴ ደግሞ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ "መጠየቅ አያሳፍርም" ብቻ አሉኝ። "እሺ አባየ" አልኩ፤ እሺ የምለው ለመገላገል እንደነበር ሳያውቁት አይቀሩም።

ሰኞ ጧት ጨውና ላምባ ወደ ሞጣ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ዳቦውን አቅፌ፣ አቧራው ውስጥ ሠላሳውን መልስ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ማንም የሚቆጣጠረኝ ስለሌለ በደንብ እየተወዛወዝኩ ነው። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ባልቴት ጥቂት አዳመጡኝና፣ "ለእኔም ጸልይልኝ ልጄ" አሉኝ። ምን ልበል? ቀጠልኩ። "የሚያስቸግር ተማሪ ሲገጥመኝ በትዕግሥት እመክረዋለሁ።" "አሜን" አሉ ባልቴቷ። "ወላጆችን ጠርቼ አነጋግራለሁ።" "አሜን።" ሞጣ እስክንደርስ ድረስ ሠላሳውም መልስ አሜን ተብሎበታል። ፈተናው መኪናው ላይ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን አልፌ ነበር።

ማክሰኞ ጧት ሞጣ ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። ሁለት ሰዎች ከእኔ በፊት ገብተው ወጡ። ከእኔ ቀጥሎ አንድ የሞጣ ልጅ አለ፤ እሱም እንደ እኔ ጊዜያዊ ነው። ስንተዋወቅ፣ "ቋሚ ነህ ጊዜያዊ?" ሲለኝ "በማስተማር ሥራ ላይ ነኝ" አልኩት። ልምምዱ እንዴት እንደሠራ ተመልከቱ። "እኔ ጊዜያዊ ነኝ" አለ፣ ምንም ሳይመስለው። አዘንኩለት። ይሄ ልጅ የሚመክረው ሰው የለውም አልኩ በልቤ።

ተራዬ ደረሰ። አንኳኳሁ፣ ገባሁ። የኮሌጁ ሰው አርባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ የደከሙ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

"ከሐኪም ቤት ነው የመጣኸው? ታመሃል እንዴ?"

"የለም ጌታዬ፣ ኮቱ ነው።"

ከዚያ ጥቅሉን አዩ። "ይሄስ?"

እዚህ ላይ ከሠላሳው መልስ አንድም የሚሆን የለም። "እናቴ ናት" አልኩ።

ጥቅሉን ትኩር ብለው አዩት።

"ዳቦ ነው ማለቴ ነው። እናቴ... የታመሙ መስሏት።"

ሳቁ። ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጠው አመለከቱኝ። ሞጣ ከገቡ አራተኛ ቀናቸው ነው፣ የሆቴሉ ምግብ አልተስማማቸውም፤ ቆርሰው ወዲያው በሉ። "እናትህ አልተሳሳተችም" አሉ። ልቤ ትንሽ ብቅ አለች። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው፣ ወደ ኋላ ደገፍ ብለው ፈገግ አሉ።

"እሺ ወንድሜ። እንግዲህ..." አሉና ዝም አሉ።

እኔ "ለምን መምህርነትን መረጥክ" እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። እሳቸው ደግሞ እኔን ይጠብቃሉ። የሚጠብቁኝ መሆኑን አላወቅኩም። ዝምታው ሲረዝም፣ ጥያቄውን በዓይናቸው የጠየቁኝ መሰለኝና ጀመርኩ።

"መምህርነትን የመረጥኩበት ምክንያት..."

ግራ ገባቸው፤ ግን ጨዋ ስለሆኑ አላቋረጡኝም። አንደኛው ሲያልቅ እንደገና ጠበቁ፤ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ አንገቴ መሄድ ጀመረ። ሰባተኛው ላይ ሰዓታቸውን አዩ። "በማስተማር ሥራ ላይ እንደመሆኔ" የምትለዋን ሦስት ጊዜ ሳላስገባ አልቀርም። አሥራ አንደኛው ላይ እጃቸውን አነሡ።

"ጎበዝ። በጣም ጎበዝ ነህ። ግን እኔ ልፈትንህ አይደለም የመጣሁት። እንድትጠይቁኝ ነው። ደብዳቤው ላይ አለ እኮ። ኮሌጁን በተመለከተ ማወቅ የምትፈልጉትን ትጠይቃላችሁ፣ እኔ እነግራችኋለሁ። ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ነው የያዝነው፤ ያንተ ሊያልቅ ነው። ምን ልንገርህ?"

ሰው ባዶ ይሆናል ሲባል እሰማ ነበር። ያን ቀን ነው የሆንኩት። ሠላሳ መልስ ተሸክሜ አንድ ጥያቄ አልነበረኝም። የአባቴ አውራ ጣት የወረቀቱን ጀርባ ሲዳስስ ታየኝ።

"ለመግባት ምን ያስፈልጋል?" አልኩ በመጨረሻ።

"ለእንዳንተ ዓይነቱ ቀላል ነው" አሉ በደስታ፣ በስተመጨረሻ ሥራቸውን ስላገኙ። "ከአውራጃው የቋሚነት ደብዳቤ ታመጣለህ፤ ሁለት ዓመት ማገልገልህን የሚገልጽ። ሌላ ጥያቄ አለህ?"

የቋሚነት ደብዳቤ! እውነቱን በዚያች ቅጽበት መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ በኩራት ስደሰኩር ቆይቼ አሁን ጊዜያዊ ነኝ ብል ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። ዳይሬክተሩም ጆሮዬ ላይ ቆሞ "እንዳትል!" ይለኛል።

"የለኝም ጌታዬ። አመሰግናለሁ።"

"እናትህን አመስግንልኝ" አሉኝ።

በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። መኪናው የሚመለሰው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የምሄድበት አልነበረኝም። የሞጣው ልጅ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። እጁ ላይ አንድ ሰማያዊ ፎርም አለ። ፊቱ እንዳለ በርቷል።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የጊዜያዊ መምህራን ነው። ኮሌጁ ራሱ ፈትኖ ይቀበላል። ቋሚነት አይጠይቅም።"

"ማን ነገረህ?"

"ጠየቅኳቸዋ! 'ጊዜያዊ ነኝ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ መንገድ የለም ወይ?' አልኳቸው። ሦስት ይዘው ነበር የመጡት፤ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።"

ሳላንኳኳ ገባሁ። ሰውየው ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ነው።

"ጌታዬ፣ እኔም ጊዜያዊ ነኝ።"

ቀና አሉ። "አንተ? አንተማ ቋሚ ነህ እኮ።"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ምነው አልነገርከኝ? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስታወራ!" ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቦርሳቸውን ከፍተው ፈለጉ፤ የሌለ መሆኑን እያወቁ ለእኔ ሲሉ ነው የፈለጉት። "አልቋል ወንድሜ። ቁጥር አለው፣ ልገለብጥልህ አልችልም። ቀድመህ ብትጠይቀኝ የአንተ ነበር።"

"ለሚመጣው ዓመትስ?"

"በሚመጣው ዓመት ይኑር አይኑር እኔም አላውቅም።"

በመጨረሻ ደህና ጥያቄ ጠየቅኩ፤ መልሱን የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ብቸና ስመለስ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሰውየው እንዴት እንዳሉ ነው። ዳቦውን መብላታቸውን ስነግራት፣ "እንግዲያ ይድናሉ" አለች። አባቴን ለመሸሽ ጓሮ ብዞር እዚያው ቆመው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይ መሆኗን አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ያም ሳይነገር ቀረ።

"አሁን ምን ይሻላል?" አሉኝ፣ እኔን እንደ ትልቅ ሰው ቆጥረው።

"ምንም የሚሻል የለም አባየ።"

"አዎ" አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ የሚያጽናና ነገር አይጠፋቸውም፤ ቃል የሚገዛላቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን "አዎ" ብቻ ብለው አብረውኝ ቆሙ።

ዳይሬክተሩ ግን አለቀሰ ማለት ይቻላል። "እኔ ነኝ ያጠፋሁህ አቦ" እያለ አንድ ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ሸሸኝ። ለአውራጃውም ለኮሌጁም ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ መልስ አልመጣም። አልተቀየምኩትም። የሰጠኝ ምክር እኔ መስማት የምፈልገውን ነው፤ ሰው እንዲህ ያለውን አማካሪ ፈልጎ ነው የሚያገኘው።

ሰኔ ሠላሳ ዝናብ ነበር። ልጆቹ ካርዳቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሮጠዋል። ዳይሬክተሩ የርክክብ ወረቀት ይዞ ክፍሌ መጣ፤ እሱ ይጠራል፣ እኔ አሳያለሁ። የስም መጥሪያ መዝገብ አንድ። ጠመኔ ግማሽ ሣጥን። የሰሌዳ መጥረጊያ አንድ። የአፍሪካ ካርታ አንድ፣ ግብፅ ላይ የተቀደደ። ቁልፍ። እኔ አስረካቢ በሚለው ላይ ፈረምኩ፣ እሱ ተረካቢ በሚለው ላይ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ለመሄድ ግን አልቸኮለም። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይጮኻል።

"ክረምቱን ምን ልታደርግ ነው?" አለኝ።

"ምን አደርጋለሁ፣ እንደ አገሩ እዘንባለሁ" አልኩት።

አልሳቀም። እኔም እሱ ይስቃል ብዬ አፌን ለሳቅ አዘጋጅቼ ስለነበር፣ መልሼ እስክሰበስበው ድረስ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።